በግቢዬ በር ላይ የቆመው ቢጫ ክፈፍ

ይህ ነገር በእርግጥ የደረሰ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው ምስክርነት ስመዝን የኖርሁ ነኝ፤ በስተርጅና ተረት አልፈጥርም።

ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ነበር። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

ቦታው... የገዛ ቤቴ በር።

ልጄ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ለአረጋውያን አሽከርካሪዎች የተሠራ ባለካሜራ ስክሪን ከመሪዬ አጠገብ አስገጠመችልኝ። ከፊት ሰው ካለ ስክሪኑ በቢጫ ክፈፍ ይከበዋል፤ በሴት ድምፅም «ሰው አለ» ይላል።

ድመት እንኳ አታመልጠውም።

በመጀመሪያ ያለ እንከን ሠራ። በኋላ ግን ወደ ቤቴ በተመለስሁ ቁጥር በግቢው በር ላይ ክፈፍ ይስል ጀመር...

በሩ ላይ ማንም የለም።

ክፈፉ ጎንበስ ያለ ነው። መቀርቀሪያ እንደሚስብ ሰው...

በሩን የምትከፍተው ባለቤቴ ናት። እኔ አንድ ጊዜ ክላክስ አሰማለሁ፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ሳልቆም እገባለሁ። በገዛ ደጄ ደጅ አልጠናም።

ከክፈፉ ወዲህ ግን ፍሬን መርገጥ አበዛሁ።

በዚያ ቀን ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር።

«አባባ፣ ለአየር ቅድሚያ ይሰጣሉ አሉ» ብላ ሳቀች።

«የሚቀባጥረው መሣሪያሽ ነው።»

«መሣሪያው አላረጀም። ዛሬ በባዶ ሜዳ ፍሬን ከያዙ ቁልፉን ይሰጡኛል። አበቃ።»

ቁልፉን መስጠት ለእኔ በቁም መገነዝ ነው።

ደረስን። ክላክስ አሰማሁ። በሩ ገርበብ አለ።

«ሰው አለ።»

ክፈፉ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ቀና ብዬ በዓይኔ አየሁ... ባዶ ነው።

«ሰው አለ... ሰው አለ...»

ልጄ እግሬን እያየች መዳፏን ዘረጋች።

«እህ... ቁልፉን?» አለች በሹክሹክታ።

ጥርሴን ነክሼ ነዳጅ ሰጠሁ።

ጎማው ለስላሳ ነገር ላይ ወጣ...

ወረደ።

የስክሪኑ ድምፅ ጸጥ አለ።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ከሳሎን ብቅ አለች። አንድ እግሯ ባዶ ነበር።

«በሩን ማን ከፈተላችሁ? ክላክሱን ሰምቼ ገና መውጣቴ ነው እኮ።»

ወርጄ ከጎማው ሥር አየሁ። የተደፈጠጠ ነጠላ ጫማ... የእርሷ።

«ጫማ ገደሉ!» ብላ ልጄ በሳቅ ፈነዳች። «አልፈዋል፣ አባባ። ቁልፉ የእርስዎ ነው።»

በማግሥቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከልጄ ጋር ልወጣ መኪናውን አስነሣሁ። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ወጥታ ጎንበስ ብላ መቀርቀሪያውን ሳበች። በሩን ከፍታ ከመኪናዬ ፊት ቆመች።

አንድ እግሯ አሁንም ባዶ ነው።

ወደ ስክሪኑ ዞር አልሁ...

በስክሪኑ ላይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የከፈተው ሰው የለም። ክፈፍም የለም።

«መንገዱ ነፃ ነው» አለ ድምፁ።

ፍሬኑን ተጭኜ ቀረሁ። ባለቤቴ በፊት መስተዋቱ በኩል ፈገግ አለችልኝ።

«ይምጡ እንጂ... ምን ይጠብቃሉ?» አለች፣ እጇን እያወዛወዘች።

ልጄ ፊት ለፊት ተመለከተች። እናቷ የቆመችበትን ቦታ አየችው።

ከዚያም መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«አባባ... ደግሞ ለአየር ቆሙ?»