ጀርባው የተከፈተው ካሜራ

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ ልብስ ሰፊው፣ መርማሪዋ ገና የሱቁን ደፍ ሳትሻገር።

በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኗ በር ላይ ቆሞ ገዳይ ነኝ እያለ የተቀበላት ሰው አልነበረም። ሰው ጥፋቱን የሚያምነው ብዙ ተለፍቶበት ነው፤ ያውም ግማሹን። ስለዚህ ክንዱን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና አልፋው ገባች።

ሟቿ ከረጅሙ መደርደሪያ ሥር፣ ከእንጨቱ መሰላል አጠገብ በጎናቸው ወድቀዋል። ሰፈሩ «እትዬ ፊልም» ይላቸዋል። አገር ምድሩ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ እሳቸው የፊልም ካሜራ እየጠገኑና እየሸጡ፣ የተማሪ ፊልም እያጠቡና እያተሙ ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ከእጃቸው ትንሽ ራቅ ብላ አንዲት ጥቁር የፕላስቲክ ካሜራ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች። የጀርባ ክዳኗ ወለል ብሎ ተከፍቶ ፊልሙ ለቀን ብርሃን ተጋልጧል።

«ስድስት ሰዓትና ሰባት ሰዓት መካከል ነው የወደቁት» አለ ሐኪሙ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወዲያው አልሞቱም። ሩብ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ።»

መርማሪዋ ካሜራዋን በጓንት አንስታ እንደ ዕንቁላል አገላብጣ አየቻት። አንድም ጭረት የላትም። ባንኮኒው ላይ ደግሞ ገና የተቀደደ የፊልም ካርቶን አለ። ሁለቱንም ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ወደ ልብስ ሰፊው ተመለሰች።

«እስቲ እንዴት እንደገደሏቸው ይንገሩኝ።»

«ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ፎቶግራፍ ትማራለች። መምህሯ የምንገዛውን ካሜራ ጽፎ ልኮልናል፤ ብረት የሆነ፣ ሁሉ ነገሩ በእጅ የሚዞር። አምስት ሰዓት ላይ መጥቼ አየሁት፤ ክብደቱ ከስፌት መኪናዬ አይተናነስም። ቀና ስል ያቺን ትንሿን ከላይ አየኋትና ‹እሷስ?› አልኳቸው። እትዬ ሳቁ። ‹ዓይንህ ደህና ነው፤ ለጀማሪ እሷን የሚያህል የለም› አሉኝ።»

«ለምን?»

«ልጆች ፊልሙ ሳያልቅ ክዳኑን ይከፍቱና ያነሱትን ሁሉ በብርሃን ያቃጥሉታል። ይቺኛዋ ግን መጀመሪያ ፊልሙን ጎትታ ከተጠቀለለበት ቆርቆሮ ታወጣዋለች፤ ከዚያ አንድ ፎቶ በተነሳ ቁጥር የተነሳውን ወደ ቆርቆሮው ትመልሰዋለች። ብትከፈት እንኳ የሚቃጠለው ያልተነሳው ነው። ‹አውርጄ፣ ፊልም አጉርሼ እሞክራታለሁ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ከልጅህ ጋር ና› አሉኝ። መጣን። እንዲህ ሆነው አገኘናቸው።» ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ ዘረጋ። የግራ ሌባ ጣቱ፣ ድሮ የመኪና መርፌ የወጋው፣ ጫፉ ወደ ጎን ተጣሟል። «በዚህ ዕድሜያቸው መሰላል ላይ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ብረቱን ገዝቼ ብሄድ ምን ነበረበት?»

ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ በሩ ጋ ተቀምጣለች። መርማሪዋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«የኔ ልጅ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«ካሜራ አልፈልግም» አለች ልጅቷ።

የእትዬ ፊልም የእህት ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያለከለከ መጣ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው፤ በሱቁ ማዕዘን ሞባይል ይጠግናል። ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቶ የስልክ መስታወት ሊያመጣ ከተማው ሌላ ዳር ሄዶ ነበር። አከፋፋዩም በስልክ ተጠይቆ ይህንኑ አረጋገጠ።

«መሰላሉ ይወዛወዛል» አለ፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ። «ብሎኑን አጠብቀዋለሁ እያልኩ ሦስት ወር ሞላኝ። የሰው ስልክ ስጠግን የአክስቴን መሰላል ረሳሁ።»

«ካሜራ ሲሞክሩ እንዴት ነበር የሚያደርጉት?»

«ፊልም ታጎርስና ፊቷ የቆመውን ሰው ታነሳለች። ደንበኛ ይሁን መንገድ ጠያቂ ግድ የላትም። ‹ፈገግ በል› ትልሃለች፣ አለቀ። የሚያውቃት ሁሉ ይህን ያውቃል።» ካሜራዋን በሩቁ አያት። «ታዲያ ሚሞሪዋን አውጥታችሁ ብታዩትስ?»

መርማሪዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሬሳ ባለበት ቤት መሳቅ ነውር ነው። ካሜራዋ ለፎረንሲክ ክፍል ተላከች። መርማሪዋ ራሷ በሚወዛወዘው መሰላል ወጥታ የላይኛውን መደርደሪያ አየች። እትዬ ፊልም ያጠቡት የተማሪዎች ኔጋቲቭ ፖስታ ፖስታው ውስጥ ሆኖ፣ ስም ተጽፎበት፣ በአንድ ሣጥን ተሰድሯል። የልጅቷ የፎቶግራፍ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች አሉት። ፖስታው አሥራ ስምንት ነው። የጎደለው የልብስ ሰፊው ልጅ ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ ጠዋት የፎቶግራፍ መምህሩን ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዳ አገኘችው። ክራቫቱ ቀጥ ያለ፣ አነጋገሩ የተመጠነ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እጅግ አዝኛለሁ» አለ። «ዕድሜ ነው እንግዲህ። በዚያ ዕድሜ መሰላል ላይ መውጣት ምን ይባላል?»

«በቅርቡ አይተዋቸው ነበር?»

«ከወር በላይ ሆኖኛል። ፊልሞቹን የምልከው በትምህርት ቤቱ ተላላኪ ነው።»

«የልብስ ሰፊው ልጅ ፎቶዎችስ እንዴት ነበሩ?»

«አሳዛኝ ነው፤ ፊልሟ ባዶ ሆኖ ነው የወጣው። በደንብ አላጎረሰችውም። እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት በብረቱ ነው፤ ሥርዓት ያስይዛል። እነዚያን የፕላስቲክ መጫወቻዎች በእጄም ነክቻቸው አላውቅ።»

መርማሪዋ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ በመስታወት የተለበጠ ትልቅ ፎቶ አየች። ሁለት እጆች በመስኮት ብርሃን ክር ወደ መርፌ ያሾልካሉ። ከሥሩ የመምህሩ ስምና «የአገር አቀፍ ውድድር አንደኛ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ስታይ ደወል ተደወለ፤ ተማሪው እየተጋፋ ሲያልፍ እሷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አራቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የእህት ልጅ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆመ። አባትና ልጅ ባንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። መምህሩ ሰዓቱን እያየ በሩ አጠገብ ቆመ።

«እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ጥፋተኛ ነኝ ብሎኛል፤ አፍ አውጥቶ ያልተናገረውም ፊቱ ነግሮኛል» አለች መርማሪዋ። «ከእርስዎ በቀር፣ መምህር።»

«እኔ ምን አድርጌ?»

«እንደርስበታለን። አስቀድሜ ከአባትዬው ልጀምር። ካሜራዋ መደርደሪያ ላይ ሳለች ፊልም አልነበራትም። ያጎረሷት እዚህ ባንኮኒ ላይ ነው፤ ካርቶኑ እዚሁ ተቀድዶ ተገኝቷል። እንግዲህ እትዬ ይዘዋት በደህና ወርደዋል። የወደቁት ሌላ ነገር ሊያመጡ ዳግመኛ ሲወጡ ነው። እርስዎ ባዘዙት ነገር አልሞቱም።»

ለልብስ ሰፊው ሸክሙ ሊወርድለት ይገባ ነበር፤ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ተሸክሞት ስለነበር እንዴት እንደሚጥለው አላወቀም።

«ቀጥሎ» አለች፣ «ይቺ ፕላስቲክ ከእጃቸው ወድቃ ቢሆን ሲሚንቶው ይሰነጥቃት ነበር። ጭረት የላትም። ከፍቶ መሬት ላይ ያስቀመጣት ሰው አለ።»

«ለምን ይዟት አልሄደም?» አለ የእህት ልጅ።

«አባትዬው በስምንት ሰዓት እሷን ብሎ እንደሚመጣ እትዬ ሳይነግሩት አልቀሩም። ፊልሙን ብቻ አውጥቶ ቢሄድ ባዶው ካርቶን ያሳጣዋል። ወድቃ የተከፈተች ብትመስል ግን ማን ይጠይቃል? ፎቶ ተነስቷል፤ የተነሳበትን ፎቶ ሊያቃጥል ፈልጓል። ብርሃን ፊልም እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ሰው ነው። አንተ ሚሞሪ ስትፈልግባት ነበር፤ ስለዚህ አንተ አይደለህም። አባትዬው ደግሞ ይቺ ካሜራ ብትከፈትም የተነሳው እንደማይነካ ከእትዬ አፍ ሰምቷል፤ ቢከፍታት ምንም እንደማይጠቅመው ያውቃል። ፊልም አዋቂ ሆኖ ይቺን ብቻ የማያውቅ ማን ቀረ?»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ አንድ ፎቶ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረች።

«ከቆርቆሮው ውስጥ ሁለት ፎቶ በሰላም ወጥቷል። አንደኛው ባዶ በር ነው። ሁለተኛው ይኸውላችሁ።»

መምህሩ ባንኮኒውን ተደግፎ ፈገግ ብሏል። የግድ የተባለ ፈገግታ ነው፤ ዓይኑ አልሳቀም።

«ሊጠይቃቸው ብቅ ያለ ሰው ሁሉ ገዳይ ነው?» አለ መምህሩ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አይደለም። ካሜራዋን ባይነኳት ኖሮ ይህ ፎቶ ወዳጅ ወዳጁን ጠየቀ ከማለት በቀር የሚናገረው የለም። እኔም ወድቀው ሞቱ ብዬ ዘግቼው ነበር።» ወደ ልብስ ሰፊው ዞራ ከኮሪደሩ አስወርዳ ያመጣችውን ፎቶ ሰጠችው። «ይህ እጅ የማን ነው?»

ልብስ ሰፊው ፎቶውን አየ። የገዛ ጣቱን አየ። «የኔ ነው። እቤቴ መስኮቱ ጋ። ግን መምህሩ እቤቴ መጥተው አያውቁም።»

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች ልጅቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ። «ቲቸር ‹ፊልምሽ ባዶ ነው› አሉኝ። ፎቶውን ኮሪደሩ ላይ ሳየው ለእትዬ ነገርኳቸው። ‹አንቺ ዝም በይ፣ ጠርቼ አናግረዋለሁ። ከእንግዲህ የራስሽ ካሜራ ይኑርሽ› አሉኝ። ባልነግራቸው ኖሮ በሕይወት ነበሩ።»

አባቷ ጭንቅላቷን ወደ ደረቱ ሳበ።

መምህሩ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቀስ እያለ ቁጭ አለ። ክራቫቱን ሊያላላ ሞክሮ ተወው።

«አሥራ አንድ ዓመት ተወዳድሬ ስሜ አንድም ቀን አልተጠራም» አለ። «እትዬ የኔጋቲቯን ፖስታ ሊያሳዩኝ ወጡ። ለርዕሰ መምህሩ እሰጠዋለሁ አሉኝ። ከእጃቸው ልነጥቅ መሰላሉን ተንጠላጠልኩ፤ ተወዛወዘ። ልጥላቸው አላሰብኩም።»

«ሐኪሙ ሩብ ሰዓት በሕይወት ነበሩ ብሏል» አለች መርማሪዋ። «ስልክ በኪስዎ ነበር።»

ልጅቷ ከአባቷ ክንድ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ቲቸር፣ ሲወድቁ ምን አሉ?»

«ውሃ ስጠኝ አሉኝ።»

«እርስዎስ?»

«አመጣለሁ አልኳቸው» አለ መምህሩ፣ አንገቱን እንደደፋ። «ፖስታውን ኪሴ ከትቼ ካሜራውን ከፈትኩት። ፊልሙ እስኪቃጠል ትንሽ ጠበቅኩ፤ እሳቸው ያዩኝ ነበር። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።»