ያልተጮኸው ጩኸት

ጸሐፌ ተውኔቱ ከመድረኩ በስተኋላ፣ የቤት ሥዕል ከተሣለበት ትልቅ ሸራ ጀርባ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ከላይ ካለው የእንጨት ሰገነት ወድቆ አንገቱ ተሰብሯል። የከሰዓቱ ልምምድ የተካሄደው ሬሳው እዚያው እንደተጋደመ ነው፤ ሲያስቡት ይዘገንናል።

መርማሪዋ አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንላት ሴት ናት። ሰገነቱን ሁለቴ ወጥታ ወረደች። መደገፊያው ከወገብ በላይ ነው፤ ካልገፉት በቀር ሰው ከዚያ አይወድቅም። ከሟቹ ኪስ አንድ ገጽ ወጣ።

«በምሳ ሰዓት የተየብኩለት ነው» አለች ታይፒስቷ። «ሌላ ቅጂ የለውም። ከእጄ ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ሰገነቱ ወጣ።»

በአሮጌው ጽሑፍ እናቲቱ የልጇን ሞት ስትሰማ ትጮኻለች። በአዲሱ ዝም ብላ ሸሚዙን ታጥፋለች። ሟቹ ከጎኑ በእጁ «ከጮኸች ተመልካቹ ያርፋል፤ ዝም ካለች ጩኸቱ እሱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል» ብሎ ጽፏል።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ አዘጋጁ ላቡን እየጠረገ። «እናቲቱን የምትጫወተዋን ተዋናይት ያሰኛት ያ ጩኸት ነው። ሊቆርጥባት ሲል ገፋችው።»

«ገጹን ማየቷን በምን አወቁ?»

«ዛሬ አልጮኸችማ! ‹ጩኸቱ የታለ?› እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ለፈለፍኩ፤ እሷ ወይ ፍንክች! ሸሚዝ ታጥፋለች።»

«ቃል አስታዋሹስ?»

«እሱም ዝም።»

መርማሪዋ መንጎራደዷን አቆመች። ቃል አስታዋሹ የተዋናይቷ ባል ነው። ከመድረኩ ጥግ ተቀምጦ፣ ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ፣ ቃል ለጠፋው ያቀብላል። ባልደረቦቹ «ትንፋሽም አያሳልፍ» እያሉ ይቀልዱበታል። አስጠራችው።

«ሟቹን መቼ አዩት?»

«ጠዋት ሰላም ተባብለናል። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም።»

ጽሑፉን ተቀብላ ገለጠችው። ጩኸቱ እንዳለ ነው፤ አልተሰረዘም።

ሁሉንም መድረክ ላይ ሰበሰበቻቸውና ወደ ተዋናይቷ አመለከተች።

«እትዬ የምሳ ሰዓቱን በሙሉ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሲለኩ ነበር፤ ጠይቄያለሁ። አዘጋጁ ገጹን ቢያዩት ኖሮ ‹ጩኸቱ የታለ?› አይሉም። ታዲያ ትንፋሽ የማያሳልፉት ሰው፣ እጃቸው ላይ ‹ትጮኻለች› የሚል ተጽፎ፣ ለምን ቃል አላቀበሉም? ዝምታው የተጻፈ መሆኑን ያውቁ ነበር። ያ ገጽ ደግሞ ከሟቹ እጅ አልወጣም፤ ሊያየው የሚችለው ሰገነቱ ላይ አብሮት የነበረ ሰው ብቻ ነው።»

«እሷስ በምን አውቃ ዝም አለች?» አለ ባልየው። «ከእሷ ሰምቼ ቢሆንስ?»

መርማሪዋ ወደ ተዋናይቷ ዞረች። «እትዬ፣ ነግረውታል?»

አንድ ቃል ብቻ ባሏን ያድነዋል። የሴትየዋ ዓይን ወደ ሸራው ሄዶ እዚያው ቀረ። መርማሪዋ እንደዚያች ደቂቃ ሥራዋን የጠላችበት ጊዜ አልነበረም።

«አልነገርኩትም» አለች በመጨረሻ።

ባልየው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ሃያ ዓመት ሰው የሚሰለፈው ለጩኸትሽ ነበር! ሊነጥቅሽ ነው ብዬ… ወረቀቱን ልቀማው ስል እምቢ አለኝ፤ ገፋሁት። ሸሚዙን ስታጥፊ ሳይ ደንግጬ ቃል ማቀበሉን ረሳሁት።»

«እንዲቆርጠው የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ሸሚዝ ማጠፉንም አብረን ነው ያሰብነው። በጮኽኩ ቁጥር ደም መትፋት ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ። ዛሬ ዝም ያልኩት ከአዳራሹ ሆኖ የሚያየኝ መስሎኝ ነው፤ ሞክሬ ላሳየው።»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጩኸቴን ስለምትወደው» አለችው። «ትከፋብኛለህ ብዬ።»