ተኝቶ ያመለጠው

እናት የስልኳን መብራት በልጇ ጆሮ ላይ አብርታ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። መድኃኒቱ ካለቀ ገና ሳይሰነብት ጆሮው እንደገና መግል ይዟል። «ተገላገልኩ ስል!» አለችና ወደ ሴት ልጇ ዞረች። «አንቺ፣ ሽሮፑን በሥርዓቱ ሰጥተሽዋል?»

ሴት ልጇን ሰፈሩ ሁሉ «ጠበቃ» ነው የሚላት። ምላሷ አያርፍም፤ ሥጋ ሰርቃ የተያዘች ድመት ጉዳይ ብትይዝ እንኳ ትረታለች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ «በረኛው» ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ግብ ስለሚጠብቅ የወጣለት ስም ነው። እናታቸው ከልብስ ስፌቱ አምሽታ ስለምትገባ ልጁን መድኃኒት መስጠት የጠበቃ ሥራ ነበር። መስጠቱንማ ሰጥታለች። ማንኪያውን ሞልታ ታስይዘውና ወደ ስልኳ ትመለሳለች። ዋጠው አልዋጠው፣ ዞር ብላ አይታ አታውቅም።

ይህን መናገር ግን በዚያች ሰዓት ሞት መሰላት። «ሰጥቼዋለሁ» አለች። ከዚያ ምላሷ ቀደማት፦ «እሱ ነው ሲተፋው የነበረው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

በረኛው ምሎ ተገዝቶ ካደ። ማን ሰምቶት! ሽሮፑን ገና ሲያየው አፍንጫውን እንደሚይዝ እናቱ ታውቃለች። ፍርዱ እዚያው ተሰጠ፤ የቅዳሜው የፍጻሜ ጨዋታ ቀረበት፣ ለአሠልጣኙም ተደወለ። ልጁ እራቱን ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ጠበቃ በልታ ጠግባ አደረች፤ እንቅልፍ ግን እንደ ልቧ አልወሰዳትም።

በማግስቱ እናት ልጁን ክሊኒክ ወሰደችው፤ ሐኪሟም ከመግሉ ናሙና አስወሰደች። ውኃ እንዳይገባበት እንጂ መጫወቱንስ አልከለከለችም ነበር፤ የከለከለችው እናት ናት። ናሙናውን የመረመረው አጎታቸው፣ የእናታቸው ወንድም ነው፤ እዚያው ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ውጤቱን ይዞ ብቅ አለ፤ ገና ሳይቀመጥም እናት ያዘችው። ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል አይደል ወይ፣ ይኸው እየተፋ አላምዶት ነው እኮ፣ እያለች አጣደፈችው።

«የለም፣ አልተላመደም» አለ አጎት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያቸው። በክብ ብርጭቆ ሳህን ላይ ጀርሙ እንደ ፈሰሰ ወተት ተንጣሏል። መድኃኒቱ በተቀመጠበት ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ባዶ ቦታ አለ። መድኃኒቱ የደረሰበት ጀርም ሁሉ ሞቷል ማለት ነው።

የጠበቃ ልብ ዘለለ። መድኃኒቱ የሚገድል ከሆነ እንግዲህ ልጁ አልዋጠውም ማለት ነው፤ ውሸቷ እውነት ሆኖ ሊወጣላት ነው። «አላልኳችሁም? ተፍቶታል!» አለች ፈጥና።

«ቀስ በይ እንጂ ጠበቃ» አለ አጎት። «መምህር ረባሾችን ሊያስወጣ ክፍል ገባ እንበል። ማንን ይይዛል?»

«የሚያወራውን።»

«ዴስክ ላይ ተደፍቶ የተኛውንስ?»

«እሱን ማን ልብ ይለዋል?»

«መምህሩ ሲወጣ ይነቃና ክፍሉን ያምሰዋል። ባክቴሪያም እንደዚያ ነው» አለ አጎት። ይህ መድኃኒት የሚገድለው በማደግና በመባዛት ላይ ያለውን እንደሆነ አስረዳቸው። ጥቂቶቹ ሥራቸውን ሁሉ አቁመው ለጥ ይላሉ፤ መድኃኒቱም አልፏቸው ይሄዳል። ሲነቁ ይባዛሉ፣ በሽታውም ይመለሳል። የሚወልዷቸው ግን ምንም የተለየ ጉልበት የላቸውም፤ ያው መድኃኒት ብዙዎቹን መልሶ ይገድላቸዋል። ለዚህም ነው ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ያንኑ መድኃኒት ረዘም ላለ ጊዜ ያዘዘችው።

እናት ግራ ገባት። «ታዲያ ሁሉንም ቢውጠውም ሊመለስበት ይችላል?»

«አንዳንዴ አዎ። የሱ ጆሮ ላይ የሆነው ይኼ ነው ብዬ አልምልም፤ ሳህኑ ይኼን አይነግረኝም። ብቻ፣ ተመለሰበት ብሎ ልጁን ተፍተሃል ማለት አይቻልም።»

በረኛው ከተቀመጠበት ቀና አለ። እናት እጇን ጭንቅላቱ ላይ አሳርፋ ጥቂት አሰበች። «አንተ ያልከው ይሁን» አለች ለወንድሟ። «ግን እህቱ በዓይኗ አይታዋለች።»

ሁሉም ወደ ጠበቃ ዞሩ። ምንም መናገር አይጠበቅባትም፤ ዝም ብትል ይበቃል። አጎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ይመጣና ያልፋል፣ ነገሩም ይረሳል። ወንድሟን ሰረቅ አድርጋ አየችው። አልተቆጣም፣ አልለመናትም፤ ከእሷ ምንም እንደማይጠብቅ ሁሉ ዓይኑን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል። ይህ ከስድብ በላይ ጠዘጠዛት።

«እማዬ» አለች። የወትሮው የክርክር ቃል አንድም አልመጣላትም። «አላየሁም። ማንኪያውን አስይዤው ነበር የምሄደው። ሲተፋ አላየሁም።»

ጠበቃ ቁጣውን ለመቀበል ትከሻዋን አጠበበች። እናት ግን የአሠልጣኙን ቁጥር ፈልጋ ስልኩን ዘረጋችላት።

«ነገ እንደሚጫወት ራስሽ ንገሪው።»

ጠበቃ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። መጥራት ሲጀምር በረኛው ተነስቶ መጣና አጠገቧ ቆመ።