የሶርቤቶው ዜማ

በሺህ ስምንት መቶ አሥራ ስምንት ዓመተ እግዚእ፣ በሐምሌ ወር ማገባደጃ፣ ናፖሊ የባሕሩ ነፋስ ከድቷት እንደ ዳቦ ምድጃ ግላ ነበር፤ በክረምት በፋይቶ ተራራ ጉድጓዶች ተጠቅጥቆ፣ በገለባና በቅጠል ተሸፍኖ የከረመው በረዶ በበቅሎ ወደ ወደቡ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ከተማይቱ ይወርዳል፤ መስፍኑም ሆነ ዓሣ አጥማጁ ዳቦ ቢያጣ ይታገሣል እንጂ በረዶ ቢያጣ አይታገሥምና፣ አቅርቦቱ ለአንዲት ሰዓት የተቋረጠ እንደሆነ አመላላሹ ወኅኒ እንዲወርድ በንጉሡ ስም ተደንግጓል።

ይህን በረዶ ከነፍሷ የምትጠላ አንዲት ሴት ነበረች፤ በሳንታ ማርታ ቲያትር የኦፔራ ማኅበር ሁለተኛ ዘፋኝ የሆነችው ኦርሶላ ስካፓቲ። የሁለተኛ ዘፋኝ ዕጣ በዘመኑ ልማድ የታወቀ ነው፤ ፕሪማ ዶናይቱ፣ ማለት ዋናዋ ዘፋኝ፣ ልብስ ስትለውጥና ጉሮሮዋን ስታሳርፍ፣ ሁለተኛዋ ወጥታ አንድ አጭር ዜማ ታሰማለች፤ በዚያች ሰዓት አሳላፊዎች የሎሚና የቼሪ ሶርቤቶ በየሰገነቱ ያዞራሉ፤ ታዳሚው ለመድረኩ ጀርባውን ሰጥቶ የጣፈጠውን በረዶ እየላሰ ሐሜቱን ያወራርዳል፤ ስለዚህም ነገሩ «የሶርቤቶ ዜማ» ተባለ። ኦርሶላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንኪያ ኳኳታ ዘፈነች።

ፕሪማ ዶናይቱ ቴክላ ማርቻኖ ናት። ሁለቱ በአንድ መምህር እግር ሥር፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተማሩ ናቸው፤ ዛሬ ግን በቴክላ ክፍል አራት የሰም ሻማ ይበራል፣ በኦርሶላ ክፍል ሁለት የሞራ ሻማ ይጤሳል፤ የቴክላን የቀሚስ ዘርፍ አሽከር ይሸከመዋል፣ ኦርሶላ የራሷን ወለል ለወለል ትጎትታለች። ይህስ ይቻል ነበር። ያልተቻለው ቴክላ በእርግጥ ግሩም መዝፈኗ ነው፤ ክፉ ዘፋኝ ብትሆን ኦርሶላ በንቀት ባረፈች ነበር። በክፍሏ ስስ ግድግዳ በኩል ከመድረኩ የሚመጣው ጭብጨባ እንደ ምስጥ ውስጥ ውስጧን ይበላታል፤ ያም ሆኖ አንድ ምሽት እንኳ ጆሮዋን ከግድግዳው አላነሣችም።

በዚያ ዓመት የኦፔራው ደራሲ እንደ ወጉ የሶርቤቶውን ዜማ መጻፍ ንቆ ለአንድ ሽማግሌ ቫዮሊን ተጫዋች ተወለት፤ ሽማግሌውም ማንም እንደማያዳምጠው ስላወቀ ያለ ፍርሃት፣ የማይመለስ ጀልባ የምትጠብቅ ሴት ዜማ ጻፈ። ኦርሶላ ገና በመጀመሪያው ልምምድ፣ በኦፔራው ሁሉ የሚወዳደረው እንደሌለ ገባት። ወዲያው በረዶውን ወደሚያመላልሰው የአጎቷ ልጅ ወደ አኒዬሎ ወረደች።

«አኒዬሎ፣ ለቅድስት አና በዓል ማታ ለቲያትሩ የምታመጣውን በረዶ ገለባውን ግፈፈው» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ገልጠህ ፀሐይ ላይ አቆየው። ውሃ ሆኖ ይድረስ።»

«እህት ዓለም፣ ሙቀቱ አናትሽ ላይ ወጣ እንዴ? እዚህ አገር ሰው ገድለህ ታመልጣለህ፤ በረዶ አቅልጠህ የት ትገባለህ?»

«አንድ ማታ ብቻ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው ፊቱን አዙሮልኝ አያውቅም።»

«የኔም በቅሎ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትሰማኝ፤ አኩርፌ አላውቅም።»

«ቴክላን ግን ፊታቸውን አዙረው ይሰሟታል!»

አኒዬሎ ሳቁን ዋጠ። «የዚችን ሴትዮ ስም ስትጠሪ መልክሽ ሁሉ ይለወጣል፤ ያስፈራኛል» አለና ገመዱን ጠቀለለ። «እሺ፤ ለአክስቴ፣ ለእናትሽ ነፍስ ስል። ከታሰርኩ ግን ዳቦ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ፤ ደረቁን አይደለም፣ ትኩሱን።»

የቅድስት አና ማታ ቲያትሩ ከወለል እስከ ጣሪያ ሞላ። የሶርቤቶው ሰዓት ሲደርስ አሳላፊዎቹ ባዶ ብርጭቆ ይዘው ቆሙ፤ በረዶው በእርጥብ ጆንያ ውስጥ ውሃ ሆኖ መግባቱ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ፤ በታች ያለው ሕዝብ ወንበር ይደበድብ ጀመር፤ በሰገነቱ ያሉት መኳንንት የቅርብ ዘመኑን ሁከት አስታውሰው እርስ በርስ ተያዩ፤ የዘበኛው አለቃም ወታደሮቹን በደጁ አሰለፈ።

የማኅበሩ አስተዳዳሪ ዶን ባልዳሳሬ ላቡን እየጠረገ ወደ ኦርሶላ ሮጠ። «ልጄ፣ ውጪና አረጋጊልኝ! እንደምንም፤ ብቻ ዝም አሰኚልኝ!»

ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ቃላት በጩኸቱ ውስጥ ሰጠሙ፤ እሷ ግን ድምፅዋን ከማንሣት ይልቅ ዝቅ አደረገችው፤ ሊሰሟት ዝም እስኪሉ ድረስ ዝቅ አደረገችው። አንድ ወንበር ጸጥ አለ፤ ከዚያ አንድ ረድፍ፤ ከዚያ አንድ ሰገነት። አፋቸውን የሚሞላ፣ እጃቸውን የሚይዝ ምንም ነገር አልነበራቸውም፤ ኦርሶላም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባ ሳይሆን ፊት አየች። ስትጨርስ «ይደገም!» የሚለው ጩኸት ጣሪያውን አናጋው። ሦስት ጊዜ አስደገሟት።

ከመድረኩ ስትወጣ የፈለገችው ጭብጨባውን እንኳ አልነበረም፤ በመጋረጃው ጥግ በቆመችው በቴክላ ዓይን ውስጥ የራሷን የአሥራ አንድ ዓመት ምስጥ ለማየት ቸኩላ ነበር። ቴክላ ግን አላየቻትም፤ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን በዝግታ ታንቀሳቅሳለች። ዜማውን በቃሏ እየያዘችው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ዶን ባልዳሳሬ የቴክላን ውል ይዞ መጣ፤ በውሉ መሠረት በኦፔራው ውስጥ ካለው ዜማ የወደደችውን የመምረጥ መብት የፕሪማ ዶናይቱ ነው። «ከዛሬ ማታ ጀምሮ ዶና ቴክላ በመጨረሻው ክፍል ትዘፍነዋለች። ላንቺ ሌላ ይጻፍልሻል፤ በረዶውም ተገኝቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አላት፤ ምስጋናው ከልቡ ነበር።

ኦርሶላ የቴክላን በር ሳታንኳኳ ከፈተች። «የኔ ነው!» አለች።

«ግቢ፣ በሩን ዝጊው» አለች ቴክላ ፀጉሯን እያበጠረች። «በረዶውን የሚያመላልሰው የአጎትሽ ልጅ መሆኑን የማላውቅ መሰለሽ? አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርም። እኔም እኮ እዚህ ከመምጣቴ በፊት በሌላ ከተማ ሰባት ዓመት ለሶርቤቶ ዘፍኛለሁ። በየማታው በረዶውን እረግመው ነበር፤ ማቅለጥ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።» ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። «እውነቱን ልንገርሽ? በዚች ብቻ ቀንቼብሻለሁ።»

ኦርሶላ ይህን ቃል አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃው ነበር፤ ሲመጣ ግን የምታስቀምጥበት ስፍራ አጣች።

አኒዬሎ ሃያ ቀን ታሰረ። ትኩስ ዳቦ ይዛለት ስትሄድ በብረቱ መካከል ተቀበላትና ቆርሶ እያላመጠ፣ «ሰሙሽ?» አላት።

«ሰሙኝ።»

«ታዲያ ምን ፊትሽን አከበደው?»

ጆሮዋን ወደ ውጭ አዘነበለች፤ ከወኅኒው ቅጥር ማዶ አንድ ዓሣ ሻጭ ዜማውን እያፏጨ ያልፍ ነበር፤ ሲያፏጭ ግን የተከተለው ኦርሶላ የዘፈነችበትን ሳይሆን ቴክላ ያስዋበችበትን አካሄድ ነው።

ዜማው ከዓመታት በኋላ በኦፔራው ደራሲ ስም ታትሞ ወጣ፤ በራስጌውም «ለዶና ቴክላ ማርቻኖ» የሚል ተጽፎበታል፤ የሽማግሌው ቫዮሊን ተጫዋች ስም የለም። በከተማይቱ የፍርድ መዝገብ ውስጥ ደግሞ፣ በቅድስት አና ዕለት በአንድ ቲያትር በረዶ መታጣቱና አንድ አመላላሽ በቸልተኝነት መቀጣቱ በአንዲት መስመር ሰፍሯል። ታሪክ የሚያምነው የታተመውንና የታሰረውን ነው፤ ስለዚህ ዜማውን ለቴክላ፣ ጥፋቱን ለአኒዬሎ አካፍሎ ሲያበቃ ለኦርሶላ የተረፈው አልነበረም። እሷም ሌላ ስድስት ዓመት ለማንኪያ ኳኳታ ዘፈነች፤ በየማታውም ተራዋን ስትጨርስ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ጆሮዋን ከስሱ ግድግዳ ላይ ታሳርፍ ነበር፤ የራሷን ዜማ ለመስማት።