ምስማር የማይመታበት ቤት

አዴ ኢቢሴ ነቀምቴ ውስጥ ያለውን ቤታቸውን ሲያከራዩኝ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ ግድግዳው ላይ ምስማር እንዳልመታ። ቤት ስፈልግ ከዚህ የባሰ ሰምቻለሁ። እንግዳ አይመጣም የሚሉ ነበሩ፣ እሁድ ልብስ አይታጠብም የሚሉም ነበሩ። እሺ ብዬ ገባሁ።

ከአርጆ የመጣሁ የፋርማሲ ሠራተኛ ነኝ፤ ፀጉሬን በመስታወት ሳላይ አልወጣም። መስታወቴን የምሰቅልበት ሳጣ በጫማዬ ተረከዝ ምስማር መምታት ጀመርኩ። ሁለቴ እንደመታሁ ልስኑ እግሬ ላይ ወረደ። ቀና ስል አንድ ረጅም ሰው በሩ ላይ ቆሟል።

«እናቴ ምስማር አትወድም» አለ።

«ነግረውኛል።»

«ግድግዳው ጭቃ ነው። ከተራራው የሚወርደው ጉም ያርሰዋል፤ ምስማር አይይዝም።»

«አሁን አየሁት።»

ሳቀ። ገለታ ይባላል፤ የአዴ ኢቢሴ ብቸኛ ልጅ ነው። ሲሬ ከተማ ፊዚክስ ያስተምራል፣ ዓርብ ዓርብ ይመጣል። እናቱ ከጸሎት ሳይመለሱ ሲሚንቶ አቡክቶ ግድግዳውን ደፈነልኝ። መስታወቱንም ከጣሪያው እንጨት በሽቦ አንጠለጠለልኝ። ነፋስ ሲገባ ይዞራል፤ ፊቴን ለማየት አብሬው እዞራለሁ።

እኔ ተከራይነት የለመድኩ ሰው ነኝ። ግማሹ ዕቃዬ ከካርቶን አይወጣም፤ ከሰውም ጋር እንደዚያው ነኝ። ግን ዓርብ ሲደርስ ከሥራ ቶሎ መውጣት ጀመርኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ዝናቡ እስኪያባራ እናወራለን።

«ሲሬ ሆኜ ዝናብ ሲጥል አንቺ ትዝ ትይኛለሽ» አለኝ አንድ ቀን።

«ጣሪያው ስለሚያፈስ ነው?»

«አይደለም...»

ዝናቡ ሲያባራ ወንበሮቹን አስገባ። በሌላ ዓርብ መኪና አጥቶ ሳይመጣ ቀረና እራቴን መብላት አቃተኝ። ወድጄው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ አዴ ኢቢሴ ደጄ ላይ መጥተው ቆሙ።

«ኢንተለ ኮ» አሉ፤ ልጄ ሲሉኝ ነው። «ገለታ ሊያገባ ነው።»

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ።

«ቤቱን ልቀቂልኝ። ቀለም ልናስቀባው ነው። ቶሎ ብትይ ደስ ይለኛል።»

ፈገግ ብለው ጉንጬን ነካ አድርገውኝ ሄዱ። እንዲህ በፍቅር የሚያባርር አከራይ አይቼ አላውቅም። በሩን ዘጋሁ። መስታወቱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር፤ ደግ አደረገ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሌላ ሰፈር ቤት አገኘሁ። ቅዳሜ ዕቃዬን ሳወጣ አልጋዬን የተሸከመው ገለታ ራሱ ነው፤ ያውም እያፏጨ።

«ደስ ብሎሃል?» አልኩት።

«በጣም። አንቺስ?»

«እኔ ምን አገባኝ?»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። «አዲሱ ቤት ብዙም አትቆዪም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዚያም ሊያስወጣኝ ነው ማለት ነው። «ትዳርህ ይባረክ» ብዬው ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። «አሜን» አለ። ከዚያ በኋላ ሲደውል አላነሳሁም።

ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ከአርጆ ደወለ።

«ሊሊሴ፣ ሽማግሌዎች መጥተዋል። ገለታ ለሚባል ልጅ ነው፤ ሲሬ ያስተምራል አሉ። እናቱ ኢቢሴ ትባላለች። ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ» ብዬ ከፋርማሲው ወደ ደጅ ወጣሁ።

«ሰዎቹ ደጅ ቆመዋል። አንቺን ሳልሰማ ተቀመጡ አልላቸውም።»

«አስቀምጣቸው፣ አባ» አልኩ።

ነጭ ጋዋኔን ሳላወልቅ ወደ አዴ ኢቢሴ ቤት ሄድኩ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ። ልጄ ሊያገባ ነው አላልኩሽም?»

«ማንን እንደሚያገባ አልነገሩኝም።»

ግራ ተጋብተው አዩኝ። «በረንዳዬ ላይ ዓርብ ዓርብ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ሌላ ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን አስወጡኝ?»

«ከግቢዬ ወደ ግቢዬ እንዴት ሙሽራ አመጣለሁ? ተከራይዋን ለልጇ አስቀረች ይሉኛል፤ አባትሽም ይናቃል። ልጅ ከአባቷ ቤት ተጠይቃ ነው የምትመጣው።»

ማታ ለገለታ ደወልኩ።

«አንተስ አፍ የለህም?»

«እናቴ ነግሬያታለሁ አለችኝ። ስልኬን ሳታነሺ ስትቀሪ ደግሞ ሽማግሌ እስኪመለስ በጨዋነት ዝም ያልሽ መሰለኝ።»

«ራስህ ብትጠይቀኝስ?»

«ከሽማግሌ በፊት ብናገር እናቴ ትቆጣለች...»

ሠላሳ ዓመት ያለፈው የፊዚክስ አስተማሪ ነው ይህን የሚለኝ። ስቄ ስቄ እንደገና አለቀስኩ።

«እወድሃለሁ» አልኩት። «ይህንንም ሽማግሌ ይንገርህ?»

«ይህን ከአንቺ ልስማው» አለ።

በጥር ተጋባን። ከአርጆ አምጥተውኝ መኪናው ሲቆም አዴ ኢቢሴ በሩ ላይ ነበሩ። «ኮቱ ገሊ» አሉኝ፣ ነይ ግቢ፤ እዚያ ቤት ኖሬ የማላውቅ ይመስል እጄን ይዘው አስገቡኝ።

በሳምንቱ መዶሻና ምስማር ይዘው ወደ ክፍላችን መጡ።

«መስታወትሽ የት ይሁን?»

«ልስኑ ይረግፋል እኮ፣ አዴ።»

«ይርገፍ። የራስሽ ቤት ነው።»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምስማሮች ከነልስኑ ወረዱ፤ ሦስተኛው ያዘ። ካርቶኖቼን በማግስቱ ጣልኳቸው።