ስድስተኛው ብልቃጥ

ይህ ተረት አይደለም። አላምንም የሚል ይተወው፤ እኔ አልለምንም። አገርነሽ ራሷ ለእናቴ ስትነግር በጆሮየ የሰማሁት ነው።

ግንቦት 1971 ዓ.ም.፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት። ባሕር ዳር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር፣ ደንገል የበቀለበት አጠገብ ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን...

አገርነሽ የሕክምና ተመራማሪ ነበረች። በዚያ ሰሞን ስሙ ያልታወቀ ሳል ሰው ይጥል ነበር፤ መመርመሪያውን ያገኘችው እሷ ናት። አክታ ላይ ከዳነ ሰው ደም የተጣራ ውሃ ጠብ ታደርግበታለች። ከቋጠረ በሽታው አለ፤ ካልቋጠረ ነጻ።

ከጎርጎራ በጀልባ የመጡ አምስት መንገደኞች ሲያስሉ ተገኙና መጋዘኑ ተቆለፈባቸው። እሷም አብራ ተቆለፈች።

ስድስት ስም፣ ስም የተለጠፈበት ስድስት ብልቃጥ፤ ሁሉም ሌሊት አክታውን በየብልቃጡ ይተፋል። ስድስቱም ሦስት ጧት በተከታታይ ነጻ ካልተባሉ በሩ አይከፈትም።

የስምንት ወር ልጇን ለጎረቤቷ ለአስያ ትታ ነው የገባችው። ጡቷ ወተት እያጋተ ቀሚሷን ያረጥባል። ወይ ጉድ! ምን ዓይነት እስራት ነው?

በሦስተኛው ሳምንት አራቱ መንገደኞች ዳኑ። አምስተኛው፣ ጓዳው ውስጥ ተለይተው የተኙት አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ ሞቱ። ዘበኞቹ በጓዳው የውጭ በር አውጥተው ደንገሉ ዳር ኖራ ነስንሰው ቀበሯቸው።

ከዳኑት አንዷ፣ ሚስታቸው እማማ ወለተ ኪዳን ግን እዚያው መጋዘን ውስጥ ነበሩ።

ታዲያ መርዶ እንዲህ ይነገራል? ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ደግፎ የሚይዝ ሳይኖር? አገርነሽ አንጀቷ አልቻለም።

"ተኝተዋል እማማ፤ እየተሻላቸው ነው" አለች።

ስማቸውንም አልሰረዘችም። ብልቃጣቸውን እንደ ወትሮው ጓዳው በር ላይ አስቀመጠች። ጧት ሞታቸውን ላልሰማው ለአዲሱ ዘበኛ ለአዘዘ በመስኮት ውጤት ስትጠራ፣ ባዶውን ብልቃጥ ይዛ "ዓምደ ሚካኤል፣ ነጻ!" አለች።

በማግስቱ ብልቃጡን አክታ ሞልቶት ነበር።

ለብ ይላል... አንገቱ ላይ ሦስት ነጫጭ የጣት አሻራ አለ። አሸተተችው። ኖራ ነው።

"ማን ነው እንዲህ የሚቀልደው?" አለች በሹክሹክታ።

"በዚህ ሰዓት ማን ይቀልዳል፣ ልጄ?" አሉ እማማ።

ሳትመረምረው ነጻ ብላ ጠራች። ከዚያ ጓዳውን ቆለፈችና ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ብልቃጡን አጥባ ጋዋኗ ኪስ ከተተችው።

በሦስተኛው ጧት ኪሷ ከብዶ ነቃች።

ጠብ አደረገችበት። እንደ ተበላሸ ወተት ቋጠረ...

ወዲያው ውጭ የልጇን ልቅሶ ሰማች። አስያ ይዛት መጥታለች! አገርነሽ ብልቃጡን በመስኮት ወደ ሐይቁ ወረወረችና አምስት ስም ጠራች። አምስቱም ነጻ።

"ስድስተኛውስ?" አለ አዘዘ።

"ሞተዋል።"

"ጓድ አገርነሽ፣ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ነጻ ብለሻል። የሞተ ሰው ነጻ ይባላል እንዴ?"

ዞር ስትል እማማ ቆመዋል። እግራቸው ላይ ወደቀች።

"ይቅር ይበሉኝ እማማ። ልነግርዎ አልቻልሁም..."

"ተነሽ ልጄ። የሞቱ ለት አውቄያለሁ። ሠላሳ ዓመት አብሬ ተኝቼ ትንፋሻቸውን አጣዋለሁ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

እማማ ወደ ጓዳው አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሞታቸውን ያልተረዱት እሳቸው ናቸው። ማን ነገራቸው? አንቺም በየጧቱ ስማቸውን ትጠሪያለሽ።"

አዘዘ ውጭ ወረቀቱን ገለጠ።

"ዓምደ ሚካኤል!"

"አትጥራ!" ብለው ጮኹ እማማ።

ከተቆለፈው ጓዳ ረጅም ሳል ተሰማ። ከዚያ...

"አቤት።"

አዘዘ ወደ ኋላ ሲሸሽ ኮቴው ተሰማ። ተመልሶ መጥቶ በሩ ላይ ሌላ የብረት መቀርቀሪያ ጨመረበት። የልጇ ልቅሶ በደንገሉ በኩል እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። አገርነሽ በሩን በሁለት እጇ ደበደበች፤ የከፈተላት የለም።

ያኔ በጓዳው በር ስር አንድ ነገር እየተንከባለለ ወጣና እግሯ ላይ ቆመ።

ያ ወደ ሐይቁ የወረወረችው ብልቃጥ ነው። ውሃ ያንጠባጥባል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

የተለጠፈበት ስም ግን የእሷ ነው።