ካሩኮላ ቋጠሮ አይወድም

መዝሙሩ ገና አላለቀም፤ ባንዲራው ግን ቆመ።

ቢፍቱ ገመዱን ሳበችው። አልመጣም። ትንሽ ለቀቅ አድርጋ እንደገና ሳበችው። ከምሰሶው ጫፍ ላይ ገመዱ የሚሽከረከርበት ካሩኮላ አንድ ጊዜ ሲጥ አለና ዝም አለ። ባንዲራው ምሰሶው ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለ።

«ሳቢው እንጂ» አለቻት አጠገቧ ቀጥ ብላ የቆመችው ጓደኛዋ ሰዓደት፣ ከንፈሯን ብዙ ሳታንቀሳቅስ።

«እየሳብኩ ነው።»

«እና?»

«ካሩኮላው ነከሰው።»

ዘጠኝ መቶ ተማሪ መዝሙሩን ጨርሶ ወደ ላይ አንጋጠጠ። የስፖርት መምህርም የስካውት ክበብ ኃላፊም የሆኑት መምህር ኦልጅራም አብረው አንጋጠጡ። መምህር ኦልጅራ በወጣትነታቸው ወታደር ቤት ስለነበሩ፣ ባንዲራ የሚሰቅሉትንና የሚያወርዱትን ስምንት ልጆች «ተማሪዎች» ብለው ጠርተዋቸው አያውቁም፤ «ካዴቶች» ነው የሚሏቸው። ካዴት በሰልፍ ላይ ገላውን አያክም። ካዴት ባንዲራ መሬት አያስነካም። ካሩኮላ ሲነክስ ካዴት ምን እንደሚያደርግ ግን ነግረዋቸው አያውቁም፤ እሳቸውም የሚያውቁ አልመሰሉም። ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ወደ ሰልፉ ዞሩ።

«ከመጀመሪያው ድገሙት» አሉ።

ተደገመ። ባንዲራው ንቅንቅ አላለም።

ከአጥሩ ውጭ፣ ከቃሊቲው አስፋልት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ባንዲራ ሲሰቀል መንገደኛ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል፤ ጫፍ ሲደርስ መንገዱን ይቀጥላል። ዛሬ ጫፍ አልደረሰማ፤ ስለዚህ የሚሄድ ጠፋ። ዳቦ በፌስታል ያንጠለጠለው ሰውዬ፣ ከባጃጁ የወረደው ልጅ፣ ወደ ፋብሪካ ሲጣደፉ የነበሩት ሴቶች ሁሉ እንደቆሙ ቀሩ። ከኋላ አንድ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ለቀቀው። በመጨረሻ ከሴቶቹ አንዷ ባንዲራውን በደንብ አየችና «ውይ፣ ዝቅ ብሎ እኮ ነው የተሰቀለው። ማን ሞቶ ነው?» አለች።

ቢፍቱ ይህን የሰማችው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ልቧ የነበረው ገመዱ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የቋጠረችው እሷ ናት።

ትናንት ከሰዓት ባንዲራውን ሲያወርዱ ገመዱ መሃሉ ተበልቶ በአንድ ክር ቀርቶ አገኙት። ዘበኛው ጋሽ ቡልቻ ቀና ብለው አዩና «እንዳትነኩት። ለመምህራችሁ ንገሩና አዲስ ገመድ ይምጣ» ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ቢፍቱ ግን መናገር አልፈለገችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ባንዲራ ስታጥፍ ከርማ፣ ገመድ እንድትይዝ የተፈቀደላት ለዛሬ ነበር። ዛሬ በደንብ የሰቀሉት ደግሞ ሰኞ፣ በሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ በክፍለ ከተማው በዓል ላይ ትምህርት ቤቱን ወክለው ይሰቅላሉ። ገመድ እስኪመጣ ይጠበቅ ከተባለ ተራዋ ለሌላ ያልፋል።

አባቷ አቶ ገዳ ከባድ መኪና ላይ ጭነት የሚያስሩ ሰው ናቸው። ጅቡቲ ደርሶ እስኪመለስ የማይላላ ቋጠሮ አስተምረዋታል። የተበላውን ቦታ ጎትታ ወደ እጇ አወረደችው፤ ቆርጣ ጣለችውና ሁለቱን ጫፍ አጥብቃ ቋጠረችው። ሰዓደት አጠገቧ ቆማ አይታለች። ቋጠሮው በካሩኮላው ያልፍ እንደሆነ ግን ሁለቱም አላሰቡም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ቢፍቱ ያፈሰሰችው ምሰሶ ጫፍ ላይ ስለሆነ ለመልቀምም አልደረሰችበትም።

ተማሪው ወደ ክፍል ሲገባ መምህር ኦልጅራ ሁለቱን አስቀሯቸው።

«ገመዱ ላይ ቋጠሮ አለ። ማን ነው የቋጠረው?»

ቢፍቱ አፏን ከፈተች። ግን ሰኞ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት፤ ቀዩ ስካርፕ፣ ነጩ ጓንት፣ ከሰው መሃል የቆሙት እናቷ።

«ጋሽ ቡልቻ ናቸው ቲቸር» አለች ሰዓደት ፈጠን ብላ። «ትናንት ሲቀጥሉት አይቻቸዋለሁ።»

መምህር ኦልጅራ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተሰበረ ወንበር የሚጠግኑት፣ የተዘጋ ቧንቧ የሚከፍቱት ጋሽ ቡልቻ ስለሆኑ ነገሩ አልከበዳቸውም። «ሂዱ ወደ ክፍላችሁ» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ሰዓደት ክንዷን ያዘቻት። «አየሽ? ተረፍሽ።»

ቢፍቱ «አዎ» አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ወሬው ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ አሰጋሽ ታመው ከሥራ ከቀሩ ሦስት ቀናቸው ነው። ሰፈሩ ይህን ያውቃል። አሁን ደግሞ የትምህርት ቤቱ ባንዲራ ዝቅ ብሎ ይታያል። ሁለቱን ለማገናኘት የቃሊቲ ሰው ግማሽ ሰዓት በቂው ነው። አራት ሰዓት ሲሆን ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰባት ስምንት እናቶች በሩ ላይ ተሰብስበው ነበር። የነቢፍቱ የስምንተኛ ክፍል መስኮት ወደ በሩ ስለሚያሳይ ማንም ሰሌዳ የሚመለከት አልነበረም።

«ማንም አልሞተም» ይላሉ ጋሽ ቡልቻ ለእያንዳንዷ።

«ታዲያ ባንዲራው?»

«ተነክሶ ነው።»

«ባንዲራ ይነከሳል እንዴ ጋሽ ቡልቻ? ሊያረጋጉን ፈልገው ነው እንጂ።»

በዚህ መሃል አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ወይዘሮ አሰጋሽ ወረዱ፤ ትንሽ ከስተዋል፣ እጃቸው ላይ የመድኃኒት ፌስታል ይዘዋል። የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው? ማን ነው የሞተብን?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ቡልቻ ኮፍያቸውን አውልቀው አቀረቀሩ።

«እርስዎ ነዎት አሉ» አሉ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ ቀና ብለው ባንዲራውን አዩ፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተከተሏት። መላው ስምንተኛ ክፍል ሳቀ። ቢፍቱም ሳቀች፤ ዳይሬክተሯ ሳቃቸውን ጨርሰው ጋሽ ቡልቻን «ቢሮ ይምጡ» ሲሏቸው እስክታይ ድረስ።

በምሳ ሰዓት ከጎረቤት ጋራዥ በያጁ ሂርጳ ረጅም መሰላል ይዞ መጣ። ሰዓደትና ቢፍቱ ከታች እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ፤ ባንዲራው መሬት ሳይነካ እቅፋቸው ውስጥ ወረደ። ሂርጳ የተቆረጠውን ቋጠሮ በመዳፉ እያገላበጠ መሰላሉን ወረደ።

«ይሄን የቋጠረ ሰው እጁ ጎበዝ ነው» አለ። «በቢላ እንቢ ብሎኝ በመጋዝ ነው የቆረጥኩት።»

ቢፍቱ መሬት መሬት አየች። በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለውን ሙገሳ ለአባቷ ለመንገር ትሮጥ ነበር።

አዲስ ገመድ ገባ። ባንዲራው ምሰሶው ጫፍ ደረሰ። መምህር ኦልጅራ ወደ ሁለቱ ዞሩ።

«ጥሩ አድርጋችሁ ተቀበላችሁት። የጠዋቱ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ሰኞ ገመዱን የምትይዙት እናንተው ናችሁ።»

ሰዓደት እሳቸው ዞር እስኪሉ ጠብቃ ዘለለች። ቢፍቱ ግን እግሯ ወደ በሩ ወሰዳት።

ጋሽ ቡልቻ ከዘበኛ ቤታቸው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ምሳቸው በሳህኑ እንዳለ ነበር።

«ጋሽ ቡልቻ።»

«አቤት» አሉ ሳያይዋት።

«ቢሮ ምን አሉዎት?»

«ማስጠንቀቂያ ይጻፋል አሉ። በወሩ መጨረሻ ኮንትራቴ ያልቃል። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው ደግሞ አይታደስለትም።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እኔ አልቋጠርኩም አልኩ። ታዲያ ማን ነው አሉኝ። አላውቅም አልኩ።» አሁን ቀና ብለው አዩዋት። «ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ገመዱ ሥር ማንን ትቼ እንደሄድኩ እያወቅኩ፣ ባንቺ ምክንያት ዋሸሁ። ደስ አላለኝም።»

«ለምን አልተናገሩብኝም?»

«አትንኩት ብያችሁ ነበር። ካሩኮላ ቋጠሮ አይወድም። አልሰማሽም፣ ቸኮልሽ፤ እሱ የልጅ ነገር ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በልጅ ላይ ጣቴን ልቀስር? እሱ አይሆንም። ሂጂ አሁን፣ ደወል ተደውሏል።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቢፍቱ አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ስለ ሰኞ ስታስብ ውላ፣ እኚህ ሰውዬ ቢሮ ቆመው ስለ እሷ ሲጠየቁ ምን እንደተሰማቸው አንዴም አላሰበችም።

ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በፊት ሰዓደትን ደረጃው ሥር ይዛት ቆመች።

«ልናገር ነው።»

«ምኑን?»

«ቋጠሮው የኔ መሆኑን።»

«አቦ ተይው። አዲስ ገመድ መጣ፣ ባንዲራው ተሰቀለ፣ አለቀ።»

«አላለቀም። ጋሽ ቡልቻ ከሥራ ሊወጡ ነው።»

ሰዓደት ትንሽ ደነገጠች። ይህን አላወቀችም ነበር። ቢሆንም ወዲያው ፊቷን አጠቆረች።

«ለማን ብዬ የዋሸሁ መሰለሽ? ሁለት ዓመት ጨርቅ ስታጥፊ የከረምሽው አንቺ ነሽ። ላንቺ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ሄደሽ ስትናገሪ እኔ ምን ልባል ነው? ውሸታም። ግቢው ሙሉ ሙድ ይይዝብኛል። አባዬ ቢሰማ ደግሞ አለቀልኝ።»

«ያንቺን አልናገርም። የኔን ብቻ ነው የምናገረው።»

«ያው ነው እኮ ቢፍቱ። ተያይዟል።»

እውነቷን ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ አንድ ታክሲ ተሳፍረው ወደ ኮዬ ፈጬ የሚመለሱ ልጆች ናቸው። ሰኞን ማጣት ያማል፤ ሰዓደትን ማጣት ግን ያስፈራል። ቢሆንም የጋሽ ቡልቻ ያልተነካ ምሳ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

«ይቅርታ» አለቻትና ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ደረጃውን ወጣች። ሰዓደት አልተከተለቻትም።

ወይዘሮ አሰጋሽ ስልክ ላይ ነበሩ። «አዎ፣ እኔው ነኝ። ኧረ አልሞትኩም። እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉ። ፊታቸው የታተመ ደብዳቤ አለ፤ ያልተፈረመ።

«ምን ፈለግሽ የኔ ልጅ?»

«ደብዳቤው የጋሽ ቡልቻ ነው?»

«ቢሆንስ?»

«ስሙ ልክ አይደለም።» ቢፍቱ ድምጿ እንዳይንቀጠቀጥ ቀስ ብላ ተናገረች። «ገመዱን የቋጠርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው እንዳትነኩት ብለውን ነበር። አዲስ ገመድ እስኪመጣ ተራዬ እንዳያልፈኝ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ሰኞ የምትሰቅዪው አንቺ ነሽ አይደል?»

«ነበርኩ።»

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ሞላ። አለቀሰች፤ ግን አልጸጸታትም። ዳይሬክተሯ ደብዳቤውን ለሁለት አጠፉት፣ እንደገና ለአራት፣ ከዚያ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት።

«ጋሽ ቡልቻን ራሴ ወርጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ አንቺም አብረሽኝ ትወርጃለሽ። የሰኞውን ከመምህር ኦልጅራ ጋር እንነጋገርበታለን፤ ገመዱን ግን አትይዢም።»

«እሺ።»

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም። መምህር ኦልጅራ እሳቸው ሲቋጥሩ ያየች ተማሪ አለች ብለውኛል። ማን ናት?»

ቢፍቱ ወደ በሩ አየች። የቢሮው በር ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከሥሩ ሁለት የጫማ ጫፎች ይታያሉ። አንዴ ወደ ኋላ ይላሉ፤ ተመልሰው ይጠጋሉ። ቢፍቱ ጫማዎቹን ታውቃቸዋለች። ወይዘሮ አሰጋሽም አይተዋቸው ነበር።

«ራሷ ትነግርዎታለች» አለች ቢፍቱ። «እስክትገባ ብጠብቃት ይቻላል?»

ዳይሬክተሯ በእጃቸው ወንበሩን አሳዩዋት። ቢፍቱ ሄዳ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ያለው ሌላ ወንበር ላይ የነበረውንም መዝገብ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።